«ማይነስ በማይነስ ፕላስ» የሚሠራውና የማይሠራው የት ነው?

በዚህ ወር ከደረሱን የሒሳብ ጥያቄዎች አራቱ ስለ ኔጌቲቭ ቁጥሮች በመሆናቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን ከተማ ለሰባተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የኢንቲጀሮችን መደመርና መቀነስ ሲማሩ ሕጎቹን በቃላቸው ይይዛሉ፤ ፈተና ላይ ግን −3 − 5 ስንት ነው ስላቸው ብዙዎቹ 8 ብለው ይጽፋሉ። ምክንያቱን ስጠይቅ «ማይነስ በማይነስ ፕላስ ስለሆነ» ይሉኛል። ሕጉን ደጋግሜ ባስረዳቸውም ለውጥ አላየሁም።

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ከጻፉልን እንደምንረዳው ልጆቹ ሕጉን አልረሱትም፤ ያለቦታው አስታወሱት እንጂ። «ማይነስ በማይነስ» ሲባል «በ» የምትለዋ ፊደል «ሲባዛ» ለማለት እንደገባች እርስዎም እኛም እናውቃለን፤ አባባሉ እንደ መዝሙር ለደረሰው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ግን ፊደሏ ምንም ስለማትነግረው፣ በአንድ መስመር ላይ ሁለት ሰረዝ ባየ ቁጥር ወደ መደመር የሚለውጥ ትእዛዝ አድርጎ ይይዘዋል። ስለዚህ የመደመርና የመቀነስ ትምህርት እስኪያልቅ ድረስ አባባሉን በክፍልዎ ባያነሡት እንመርጣለን። ከታላላቆቹ የሰማ ልጅ ማንሣቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ማባዛት ላይ ስንደርስ እንመለስበታለን ብሎ ማለፍ ይቻላል።

ሌላው ችግር ከአነባበብ የሚመጣ ነው። −3 − 5 የሚለውን «ማይነስ ሦስት ማይነስ አምስት» ብለን ስናነብ የተለያየ ሥራ ያላቸውን ሁለት ምልክቶች በአንድ ስም ጠራናቸው ማለት ነው። የመጀመሪያው ሰረዝ ቁጥሩ ከዜሮ በየትኛው ወገን እንደሚገኝ ይናገራል፤ ሁለተኛው ቀንስ ብሎ ያዛል። «ኔጌቲቭ ሦስት ሲቀነስ አምስት» ብሎ ማንበብን ከራስዎ ይጀምሩ፤ ለሁለት ሳምንት ያህልም ሰሌዳው ላይ (−3) − (+5) እያሉ በቅንፍ ይጻፉ። ቅንፉ ጊዜና ቦታ ያባክናል የሚሉ መምህራን አሉ፤ ጠመኔ ግን ከድጋሚ ፈተና ይረክሳል።

ከዚያ በኋላ እጃቸው የሚነካው ነገር ያስፈልጋል። ለዚህ ከቆርኪ የተሻለ ዕቃ አላገኘንም፤ ከግሮሰሪ ደጃፍ በነፃ ይለቀማል፣ ሁለት ፊትም አለው። ለሁለት ለሁለት ተማሪ ሃያ ሃያ ቆርኪ ይስጡና ቀለም ያለው ፊቱ ወደ ላይ ሲሆን ፖዘቲቭ አንድ፣ ጎድጓዳው ወደ ላይ ሲሆን ኔጌቲቭ አንድ እንዲባል ይስማሙ። አንድ ባለቀለምና አንድ ጎድጓዳ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ይጣፋሉ፤ ዋጋቸው ዜሮ ነው። ይህን ጥንድ ልጆቹ በደንብ እስኪለምዱት ድረስ ወደፊት አይሂዱ፤ የቀረው ሁሉ የሚቆመው በእርሱ ላይ ነውና።

አሁን (−3) − (+5)ን ያሠሯቸው። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ጎድጓዳ ቆርኪዎች አሉ፤ ትእዛዙ አምስት ባለቀለም አንሡ ይላል፤ ጠረጴዛው ላይ ግን አንድም ባለቀለም የለም። እዚህ ላይ መልሱን ለመንገር አይቸኩሉ፤ ክፍሉ ጥቂት ይጨነቅ። አንዱ ተማሪ የዜሮ ጥንድ ብንጨምር ዋጋው እንደማይለወጥ ማሰቡ አይቀርም፤ እርሱ ካላሰበው እርስዎ ይጠቁሙ። አምስት ጥንድ ይጨመራል፣ አምስቱ ባለቀለሞች ይነሣሉ፣ ስምንት ጎድጓዳ ይቀራል። ያ የሚጽፉት 8 ከየት ሊመጣ ይችል እንደነበር ልጆቹ ራሳቸው ይፈልጉ፤ ጠረጴዛው ላይ የቀረ ባለቀለም ቆርኪ የለም። ቀጥሎ (+3) − (−5) ይሥሩ፤ በዚያው መንገድ ስምንት ባለቀለም ይቀራል። ይህን አምስት ስድስት ጊዜ የሠራ ልጅ አንድን ቁጥር መቀነስ ተቃራኒውን ከመደመር ጋር አንድ መሆኑን ከእጁ ያገኘዋል፤ ከዚያ በኋላ ሕጉን ቢጽፉለት ለራሱ ሥራ ስም እንዳወጡለት ይቆጥረዋል።

ለ−47 + 29 ቆርኪ ስለማይበቃ ወደ ቁጥር መስመር ይሸጋገራሉ። መስመሩን ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታች አቁመው ቢስሉት ይረዳል፤ ዜሮ የባሕር ጠለል ይሁን። የራስ ደጀን ከፍታ 4,550 ሜትር፣ የዳናክል ዝቅተኛ ስፍራ ከባሕር ጠለል በታች 125 ሜትር ገደማ፣ ጎረቤታችን ጅቡቲ ያለው የአሳል ሐይቅ ደግሞ በታች 155 ሜትር ገደማ ነው። ከዳናክል እስከ ራስ ደጀን ያለው የከፍታ ልዩነት ስንት ነው ተብሎ ሲጠየቅ 4,550 − (−125) የሚለው ስሌት 4,675 መሆኑ ከሥዕሉ ላይ ይታያል፤ ልጁ እስከ ዜሮ ወርዶ ከዚያም በታች እንደሚወርድ በጣቱ ይከተለዋል።

ብዙ መምህራን የሚወዱትን የዕዳ ምሳሌ እኛም አንጠላውም። ባለሱቁ ከዱቤ ደብተሩ ላይ የ5 ብር መስመር ሲሰርዝ ቤተሰቡ በ5 ብር መጠቀሙን ዱቤ የተላከ ልጅ ሁሉ ይረዳል፤ ኔጌቲቭን መቀነስ ማለት ይኸው ነው። ነገር ግን ዕዳ ቁጥሮችን ለማወዳደር ሲገባ ያሳስታል። የ8 ብር ዕዳ ከ3 ብር ዕዳ «ይበልጣል» እንላለን፤ ልጁም ይህን ሰምቶ −8 > −3 ብሎ ይጽፋል። አማርኛችን የዕዳውን መጠን፣ ማለትም ፍጹም ዋጋውን፣ እያወዳደረ ነው። ስለዚህ ማወዳደርን በከፍታ ያስተምሩ፤ አሳል ከዳናክል ዝቅ ይላል፣ −155 ከ−125 ያንሳል። ከክርስቶስ ልደት በፊትና በኋላ ያሉትን ዓመታት በምሳሌነት የሚጠቀሙም አሉ፤ በዚያ አቆጣጠር ግን ዜሮ የሚባል ዓመት ስለሌለ ከልደት በፊት 5 እስከ ከልደት በኋላ 5 ያለው ርቀት አሥር ሳይሆን ዘጠኝ ዓመት ነው፤ ለጀማሪ ባይቀርብ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የምኖረው በሚኒያፖሊስ ነው። ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት። ኔጌቲቭ ቁጥር በኔጌቲቭ ሲባዛ ለምን ፖዘቲቭ እንደሚሆን ጠየቀችኝ፤ እኔም እንደተማርኩት «ሕጉ ነው» አልኳት። እርሷ ግን «ዕዳ በዕዳ ሲባዛ እንዴት ሀብት ይሆናል?» ብላ መለሰችልኝ። ምን ልበላት?

መልስ፦ ልጅዎ ትክክለኛውን ቦታ ነክታለች። ዕዳን በዕዳ ማባዛት ትርጉም የለውም፤ ብርም በብር አይባዛም። ምሳሌው እዚያ ላይ አልቋልና ሌላ መያዝ ያስፈልጋል።

እርስዎ ያሉበት ከተማ ክረምት ለዚህ ይመቻል። እኩለ ሌሊት ላይ የሙቀት መለኪያው ዜሮ ያሳያል እንበል፤ ሌሊቱን ሙሉ በየሰዓቱ 2 ዲግሪ ይወርዳል። ከሦስት ሰዓት በኋላ 3 × (−2)፣ ማለትም −6 ይሆናል። ከሦስት ሰዓት በፊትስ? ጊዜው ወደ ኋላ ስለሆነ −3 ነው፤ መለኪያው ደግሞ እየወረደ የመጣ ስለሆነ ያን ጊዜ ከዜሮ በላይ 6 ላይ ነበር። (−3) × (−2) = 6 ማለት ይህ ነው። በአንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፤ በአሜሪካ በተለምዶ የሚነበበው ፋራናይት ስለሆነ ውኃ የሚረጋው በ32 ላይ ነው፣ የእርሱ ዜሮ ውኃ የሚረጋበት ነጥብ አይደለም። አዲስ አበባ ያለ አንባቢ ውኃው ከጠፋ በኋላ በየሰዓቱ 20 ሊትር የሚቀንሰውን የግቢውን ሮቶ ቢያስብ ወደዚያው መልስ ይደርሳል፤ ከሦስት ሰዓት በፊት ሮቶው ውስጥ አሁን ካለው 60 ሊትር የሚበልጥ ውኃ ነበር።

ልጅዎ ምሳሌ ይበቃኛል የምትል ካልሆነች (ከጥያቄዋ ስንገምት አትልም) ይህን አብረው ይጻፉ። (−3) × 0 ያለጥርጥር ዜሮ ነው። ዜሮን 4 + (−4) ብለን መጻፍ እንችላለን። እንግዲህ (−3) × 4 እና (−3) × (−4) ተደምረው ዜሮ መምጣት አለባቸው። የመጀመሪያው −12 መሆኑን ታውቃለች፤ −12ን ወደ ዜሮ የሚመልሰው ቁጥር 12 ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ብዜት −12 ነው የሚል ሰው ቅንፍ ሲባዛ እያንዳንዱን አባል ያዳርሳል የሚለውን፣ ከአራተኛና ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ስትሠራበት የኖረችውን ሕግ ማፍረስ ይኖርበታል። «ሕጉ ነው» ማለትዎ ሐሰት አልነበረም፤ የቀረው ሕጉን ያስገደደውን ሌላ ሕግ ማሳየት ነበር። ማካፈልም የማባዛት ተገላቢጦሽ ስለሆነ በዚሁ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። ከዜሮ በታች የሆነ ነገር በእውነት አለ ወይ ብዬ ስጠይቅ የክፍል ጓደኞቼ «ሞኝ ነሽ» ብለው ሳቁብኝ። ጥያቄዬ ሞኝነት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ስመ ጥር የሒሳብ ሊቃውንትም አንቺን ያስቸገረሽ ነገር አስቸግሯቸዋል። የእስክንድርያው ዲዮፋንተስ መልሱ ኔጌቲቭ የሚሆን እኩልታ ሲገጥመው ትርጉም የለሽ ነው ብሎ አልፎታል። ጀርመናዊው ሚካኤል ሽቲፈል እ.ኤ.አ. በ1544 ባሳተመው መጽሐፉ ከዜሮ የሚያንሱትን ቁጥሮች በላቲን «የማይረቡ ቁጥሮች» ብሏቸዋል፤ ይህን እያለም ግን በሚገባ ይሠራባቸው ነበር። ቻይናውያን ከእርሱ ከሺህ ዓመት በላይ ቀድመው ለፖዘቲቭ ቀይ፣ ለኔጌቲቭ ጥቁር የመቁጠሪያ ዘንግ ይጠቀሙ ነበር፤ ዛሬ ባንክ ቤት «ቀይ» የሚባለው ኪሳራ መሆኑን ስናስብ ቀለሙ መገልበጡ ያስገርማል። በሕንድ ደግሞ ብራህማጉፕታ እ.ኤ.አ. በ628 ፖዘቲቩን ሀብት፣ ኔጌቲቩን ዕዳ ብሎ ሰይሞ የአራቱንም ስሌቶች ሕግ ጽፏል፤ ከዜሮ ላይ ዕዳ ሲቀነስ ሀብት ይሆናል የሚለው ከእነርሱ አንዱ ነው።

አለ ወይ ላልሽው፣ −3 የሚባል ብርቱካን የለም። 3 ራሱም ቢሆን ከሦስት ብርቱካኖች ተለይቶ የሚጨበጥ ነገር አይደለም። ቁጥር መጠንን ብቻ ሳይሆን አቅጣጫንም እንዲናገር ስንፈቅድለት ኔጌቲቭ ቁጥር ቦታ ያገኛል፤ ብርቱካን አቅጣጫ የለውም፣ ከፍታና ሒሳብ ደብተር ግን አላቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ −3² ስንት ነው ተብሎ 9 ብሎ ጻፈ፤ መምህሩ ስሕተት አለው። በካልኩሌተር ሞከርነው፣ −9 አለ። ኮምፒውተር ላይ በኤክሴል ብንሠራው ደግሞ 9 ሆነ። ማን ነው ትክክል?

መልስ፦ መምህሩ። በሒሳብ አጻጻፍ ስልት መጀመሪያ 3 በራሱ ይባዛል፣ ሰረዙ በኋላ ይመጣል፤ ስለዚህ −9 ነው። ልጅዎ ያሰበው (−3)² ቢጻፍ ኖሮ 9 ትክክል በሆነ ነበር። ኤክሴል ቁጥር ፊት ያለውን ሰረዝ ከርቢው (ከላይ ከተጻፈችው ትንሿ 2) በፊት እንዲያነብ ተደርጎ ስለተሠራ የተለየ መልስ ይሰጣል። በሳይንቲፊክ ካልኩሌተሮች ላይም የመቀነሻው ቁልፍና በቅንፍ ውስጥ ሰረዝ ያለበት የኔጌቲቭ ቁልፍ ብዙ ጊዜ ለየብቻ ናቸው፤ ልጅዎ ሁለቱን ቁልፎች አይቶ ልዩነታቸውን እንዲነግርዎ ይጠይቁት።