ስላይዱን ግራሶ አትቀቡት

የእህቴ ልጅ አሪዞና ነው የሚኖረው። በቀደም ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ደወለ። እነሱ ጋ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። «ጋሼ፣ ክፍሉ አልገባ አለኝ» አለና ቪዲዮ ላከ። አርቪ የሚሉት ውስጡ የሚኖርበት የቤት መኪና ነው፤ ስላይድ-አውቱ ደግሞ መኪናው ሲቆም በሞተር ወደ ውጭ የሚንሸራተተው ክፍል ነው። የሱ ስላይድ አንድ ጎኑ ቀድሞ፣ ሌላው ቀርቶ፣ ተጣሞ ቆሟል። ሞተሩ እያቃሰተ እሱ አሁንም ቁልፉን ይጫናል። «እጅህን አንሳ!» ብዬ ጮህኩ። ቤቱን በሙሉ ቀሰቀስኩት።

እኔም ወደ አዳማ ከመመለሴ በፊት አርቪ ነበረኝ። መጀመሪያ ያበላሸሁት በግራሶ ነው። አገር ቤት የለመድነው እሱን ነዋ፤ ሲጢጥ ያለ ነገር ሁሉ ግራሶ ይቀባል። አሁንም ግቢዬ ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። ዘበኛችን የተንሸራታቹን በር ሐዲድ በግራሶ ሞላው። ለሳምንት በሩ በአንድ ጣት ይገፋ ነበር። የአዳማን ንፋስ ታውቁታላችሁ። አቧራው ገባበት፣ ግራሶው ጥቁር ሊጥ ሆነ፣ ኩሽኔታውን በላው። ዛሬ ለሁለት ነው የምንገፋው።

የስላይዱ ጥርስና ሐዲድም መንገድ ለመንገድ አቧራ ሲጠጣ ነው የሚውለው። በጨርቅ ጥረጉት። ከዚያ ደርቆ የሚቀረውን ስፕሬይ፣ ሱቅ ውስጥ ድራይ ሉብ የሚሉትን፣ ስስ አድርጋችሁ ንፉበት። ምንም አትቀቡ የሚል አምራችም ስላለ መጀመሪያ መመሪያውን እዩ።

ዳር ዳሩን ያለው ጎማ ሌላ ነው። እኛ ሀበሾች ቫዝሊን የማንቀባው ነገር የለም፤ እዚያ ላይ ግን ይቅርባችሁ። ከነዳጅ የተሠራ ቅባት ጎማውን ያበላሸዋል። በሳሙና ውሃ አጥባችሁ ለዚሁ ጎማ የሚሸጠውን መቀቢያ ተጠቀሙ። ጎማው ከተሰነጠቀ ዝናብ ይገባል፣ ወለሉ ደግሞ እንጨት ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። በረሃ ውስጥ 3 ሌሊት መብራት ሳይሰካ አድሯል። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሲሞላ 12.6 ገደማ ያሳያል፤ የሱ 11.8 ላይ ነበር። የሱ ስላይድ ግራና ቀኝ የየራሱ ሞተር ስላለው ኃይል ሲያንስ አንዱ ይቀድማል። ጄኔሬተር አስነሳና ባትሪውን ሞላ። ከዚያ ማስገባቱን ትቶ እስከ ጫፍ አወጣው፤ ሞተሮቹ ራሳቸው እስኪቆሙ ድረስ ቁልፉን አልለቀቀም። እንደዚያ ሲደረግ ሁለቱ እንደገና ይናበባሉ። ሲያስገባው ቀጥ ብሎ ገባ።

ከማስገባታችሁ በፊት የስላይዱን ጣሪያ ከቅጠልና ከጭራሮ አጽዱ። ወለሉንም እዩ። እኔ አንዴ ጀበና አድቅቄያለሁ፤ ባለቤቴ እስካሁን ታነሳብኛለች።

ስልኩን ልዘጋ ስል በእጅ ማስገቢያው የት እንዳለ ጠየቅኩት። «እሱ ደግሞ አለው እንዴ?» አለኝ። በማግስቱ ፎቶ ላከ። አልጋው ሥር፣ ከነፕላስቲኩ።