ፕራይም ለሌለው ሰው ዕቃ ሆን ተብሎ ይዘገያል ወይ?
«ፕራይም የለኝም፤ አማዞን ላይ ያዘዝኩት ዕቃ ሳይላክ ቀናት ይቀመጣል፤ ሆን ብለው ነው?» ብለሃል። ፕራይም እየከፈሉ የሚገቡበት፣ ዕቃ ቶሎ የሚያደርስ የአማዞን አባልነት ነው።

ወንድሜ፣ ያየኸው እውነት ነው። ነፃውን ማድረሻ ስትመርጥ ዕቃህ ተራ ይጠብቃል፤ ቅድሚያው ለከፈለው ነው። መኪናውም ሠራተኛውም ውስን ስለሆነ ይህ ብቻውን ተንኮል አይደለም። የሚያናድደኝ፣ መኪናው ላይ ቦታ እያለም የሚዘገይ ከሆነ ነው። ያንን ግን ከውጭ ሆኖ ማረጋገጥ ይከብዳል።

ፍጥነቱ የኩባንያው ውሳኔ መሆኑን ግን አትጠራጠር። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የዋሽንግተን ዲሲ ዐቃቤ ሕግ አማዞንን ከሷል። ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ፣ በሁለት ዚፕ ኮዶች (የፖስታ ቁጥር አካባቢዎች) ለሚኖሩ የፕራይም አባላት ሳይነገራቸው ፈጣኑ ማድረሻ ቀርቶባቸዋል ነው ክሱ። ኩባንያው ለሾፌሮች ደህንነት ነው ብሏል። እስቲ አስበው፣ እነዚህ ሰዎች እኮ ከፍለዋል!

አሁን ፕራይም በዓመት 139 ዶላር ነው። ብዙ ጊዜ የማትቸኩል ከሆነ አትግባበት። የምትፈልገውን ሰብስበህ ከ35 ዶላር በላይ አድርገህ እዘዝ፤ አብዛኛውን ጊዜ ማድረሻው ነፃ ነው። ልትከፍል ስትል የሚመጣውን «በነፃ ሞክር» ሳታነብ አትጫን፤ ጊዜው ሲያልቅ ከካርድህ መቁረጥ ይጀምራል። ሰዎችን ሳይፈቅዱ አባል አድርጓል በሚል ክስ አማዞን በ2025 2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።