አስተርጓሚ ሳለሁ ልነግራችሁ ያልቻልሁት

በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ ፍርድ ቤቶች ለአማርኛ ተናጋሪዎች ሳስተረጉም ረጅም ዘመን ኖሬያለሁ። አስተርጓሚ የተባለውን ያደርሳል እንጂ አይመክርም፤ የሚምለውም መሐላ ይህንኑ ያስገድደዋል። ዛሬ ጡረተኛ ስለሆንሁ፣ ያኔ ጉሮሮዬ ላይ ይዤ ያስቀረሁትን ለእናንተ ለወጣቶቹ፣ በተለይም ገና ዜግነት ላልወሰዳችሁት፣ ልጽፍላችሁ እችላለሁ።

ግሪን ካርድ ያለው አንድ ልጅ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ጥቂት የሕመም ማስታገሻ ክኒኖች ይዞ በመገኘቱ ዳኛ ፊት ቀረበ። ጥፋቱን ካመነ እንደማይታሰር፣ የአመክሮ ጊዜውን በሰላም ከጨረሰም ክሱ እንደሚዘጋ ተነገረው፤ እርሱም «ጥፋተኛ ነኝ» አለ፣ እኔም ተረጎምሁት። እናቱ ከኋላ ወንበር «ተመስገን» ሲሉ ሰምቻለሁ። ክሱ በእርግጥም ተዘጋ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ልጁ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ በዚያው ጉዳይ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ እንደተያዘ፣ እኚያው እናት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አግኝተው ነገሩኝ።

ለራሱ የሚሆን ጥቂት ዕፅ ይዞ የተገኘን ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚከስሰው ስቴቱ ነው፤ የፌዴራሉ ዐቃቤ ሕግ ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ብዙም አይነሣም። በዚህ የተነሣ ሰው ፌዴራሉን ጭራሽ ይረሳዋል። የኢሚግሬሽን ሕግ ግን የፌዴራል ነው፤ ስቴቱ «ዘግቼዋለሁ» ያለውን መዝገብ በራሱ ዓይን ያነብበዋል። በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት ተከሳሹ ጥፋተኛነቱን ካመነና ዳኛው ማናቸውንም ቅጣት ወይም ገደብ ከጣለበት፣ ስቴቱ ኋላ ክሱን ቢሰርዘውም እንኳ፣ እንደተፈረደበት ይቆጠራል። ከ30 ግራም ያልበለጠ ማሪዋና ለራሱ መጠቀሚያ አንድ ጊዜ ብቻ ይዞ የተገኘ ሰው በዚያ ምክንያት እንዳይባረር የሚያስችል ጠባብ ቀዳዳ አለ፤ ለክኒን ግን የለም።

ማሪዋና ራሱ ብዙዎችን ያዘናጋል። ቨርጂኒያ በ2021፣ ሜሪላንድ በ2023 ዕድሜው 21 ዓመት የሞላ ሰው የተወሰነ መጠን እንዲይዝ ፈቅደዋል። በ1970 የወጣው የፌዴራል ሕግ ግን ይከለክላል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2005 በካሊፎርኒያ ሕሙማን ጉዳይ፣ ስቴት የፈቀደውን ፌዴራሉ ሊከለክል እንደሚችል ወስኗል። አርሊንግተንን አቋርጦ በፖቶማክ ዳር የሚወርደው የጆርጅ ዋሽንግተን ጎዳና የፌዴራል መሬት ስለሆነ፣ ቤታችሁ ውስጥ የተፈቀደው እዚያ ያስከስሳል። የዜግነት ማመልከቻ የሚመረምረው መሥሪያ ቤትም በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ በተፈቀደበት ስቴት ማሪዋና መሸጫ ውስጥ ተቀጥሮ መሥራት እንኳ ለዜግነት የሚጠየቀውን መልካም ሥነ ምግባር ሊያሳጣ እንደሚችል አስታውቋል። (ጫትንም አትርሱ፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን በፌዴራሉ ዝርዝር ከሄሮይን ጋር በአንደኛው መደብ ተቀምጧል፣ «ቅጠል ነው እኮ» የሚለው ክርክርም ከሐረር አልፎ አይሠራም።)

በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ጠበቃ የውጭ አገር ዜጋ የሆነ ደንበኛው ጥፋቱን ከማመኑ በፊት ከአገር መባረር ሊያስከትልበት እንደሚችል የመምከር ግዴታ እንዳለበት ወስኗል። ስለዚህ መልስ ስጡ ስትባሉ፣ «አስቀድሜ ስለ ኢሚግሬሽኑ ጠበቃዬን ልጠይቅ» በሉ። አስተርጓሚው ይህንንም ቃል በቃል ይተረጉመዋል።