ውጭ አገር ለመማር ለምታስቡ ልጆች

ልጆቼ፣

አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ «ቪዛ የሚቀለው የየት አገር ነው?» ብላ ጠይቃኛለች። የእናንተም ወሬ ከዚህ አያልፍም፤ ቴሌግራሙ ሌላ ርዕስ የለው። ኤምባሲ ከመድረሱ ከወራት በፊት በስምና በልደት ቀን የተበላሸ ፋይል ግን ስንቱን ጎበዝ ዓመት አስቃጥሏል! ብዙዎቻችሁ የምታስቡትን አሜሪካን ምሳሌ ላድርግ።

ፓስፖርት መጀመሪያ አውጡ፤ ለእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናዎቹ፣ ለቶፍል ወይም ለአይልትስ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት ማለቴ ነው። ከፎቶው ገጽ ግርጌ ሁለት መስመር ታገኛላችሁ። በላይኛው መስመር ከአገሩ ኮድ ቀጥሎ ያለው የቤተሰብ ስም ነው፤ ከሁለት የማዕዘን ምልክት (<<) በኋላ የራስ ስም ይከተላል። በማመልከቻውም በፈተናውም በዚያው አከፋፈል ጻፉ። አንዱ ቅጽ ላይ የአባት፣ ሌላው ላይ የአያት ስም ከሞላችሁ ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው አድርጎ ይይዛችኋል። መሐመድ ፓስፖርቱ ላይ Mohammed፣ የፈተና ምዝገባው ላይ Mohamed ተብሎ ከተጻፈ ከፈተናው በር ሊመለስ ይችላል።

የዘመን አቆጣጠሩ ደግሞ ይብሳል። ጥር 12 ቀን 1998 የተወለደ ልጅ ሰባት ደምሮ 2005 ብሎ ይሞላል። ትክክሉ ጃንዋሪ 20 ቀን 2006 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት ይደመራል፤ ወሩና ቀኑም አብረው ይለወጣሉ። ትራንስክሪፕታችሁ (የውጤት ማስረጃችሁ) «2016» ብቻ ካለ፣ በ2024 የጨረሰውን ልጅ ቦስተን ያለው የቅበላ ሠራተኛ ስምንት ዓመት ቤት የተቀመጠ አድርጎ ያነበዋል። ርእሰ መምህሩ ዓመቱን በሁለቱም አቆጣጠር እንዲያጽፉላችሁ ለምኑ፤ እምቢ ካሉም ደጋግማችሁ ሂዱ።

ለደላላ ሰባራ ሳንቲም አትክፈሉ። ለብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ቅጽ የሚመለከትበት ድረ ገጽ፣ ኮመን አፕ፣ ኦገስት 1 ይከፈታል፣ ራሳችሁ ትሞሉታላችሁ፤ የማመልከቻ ክፍያ ከከበዳችሁም ነጻ እንዲደረግላችሁ እዚያው ትጠይቃላችሁ። ቲክቶክ ላይ ሰዓት የሚያጠፋ ልጅ አንድ ቅጽ ለመሙላት ሰው ሲቀጥር ይገርመኛል። ፈቃድ ላለው የትርጉም ቤት ግን ክፈሉ፣ እዚያ ላይ አትሰስቱ።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት የውጭ ተማሪ ሲመርጡ የመክፈል አቅሙን አያዩም፣ የጎደለውንም ይሞላሉ። አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ያያሉ። «ሙሉ ስኮላርሺፕ» የተባለውም የትምህርት ክፍያን ብቻ ይዞ መኝታ፣ ምግብና የጤና መድንን ለእናንተ ሊተው ይችላል። ይህ በግልጽ የሚታየው የተቀበላችሁ ዩኒቨርሲቲ ለቪዛ በሚልክላችሁ ቅጽ፣ አይ-20፣ ላይ ነው፦ በግራ የዓመቱ ወጪ፣ በቀኝ የገንዘቡ ምንጭ። ኤምባሲ ለቪዛ የሚጠይቃችሁ ቆንስል የሚያየው ይህንኑ ነው። ለቃለ መጠይቁ ሳምንት ሲቀረው ከዘመድ ተለቃቅሞ የገባ ብር የባንክ ስቴትመንቱ ላይ ከነቀኑ ይታያል። ካምፓስ ውስጥ በትምህርት ወቅት በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይፈቀዳል፤ ለኪስ እንጂ ለትምህርት ክፍያ አይሆንም። ጀርመን በነጻ ያስተምራል ለምትሉም፣ የአንድ ዓመት መኖሪያ 11,904 ዩሮ በየወሩ እየተቆነጠረ ብቻ በሚወጣበት ዝግ ሂሳብ አስቀምጡ ትባላላችሁ፤ ባደን ቩርተምበርግ የተባለው የጀርመን ግዛት ደግሞ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣውን ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል።

አይ-20 እጃችሁ ሲገባ ከፓስፖርቱ ጎን አስቀምጣችሁ ስሙን ፊደል በፊደል፣ የልደት ቀኑንም አመሳክሩ። የተሳሳተ ካለ ለዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ጻፉ፤ አርመው ሌላ ያወጣሉ። አሜሪካ የውጭ ተማሪዎችን የምትመዘግብበት ሥርዓት፣ የሴቪስ፣ ክፍያ 350 ዶላር የሚከፈለው ከዚያ በኋላ ነው። ዓለም አቀፍ ካርድ ከሌላችሁ ዋሽንግተን ያለች አክስታችሁ በኢንተርኔት ልትከፍልላችሁ ትችላለች፤ በኤን የሚጀምረውን የሴቪስ ቁጥር፣ ስማችሁንና የልደት ቀናችሁን ከአይ-20ው ላይ ፎቶ አንስታችሁ ላኩላት፣ በስልክ አትንገሯት። ደረሰኙን አትማችሁ ለቃለ መጠይቁ ያዙት፤ የቪዛ ማመልከቻውን ቅጽ፣ ዲኤስ-160ን፣ ስትሞሉም ያው አይ-20 ከፊታችሁ ይሁን።