ወደ ማተርሆርን ለምትሄዱ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣

አውሮፓ ውስጥ የምትማሩና የምትሠሩ ወጣቶች በሐምሌና በነሐሴ ዕረፍታችሁ የማተርሆርንን ተራራ ለማየት ወደ ስዊዘርላንድ እንደምትሻገሩ እሰማለሁ። ዕድሜዬን በድንጋይ ጥናት ያሳለፍሁ ሰው ነኝና አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፦ ጫፉን ተዉትና ዙሪያውን በእግራችሁ ሂዱ።

መነሻችሁ ከተራራው ሥር ያለችው ዘርማት ናት። መኪና ስለማይገባባት ቴሽ በምትባለው ጎረቤት መንደር አቁማችሁ በባቡር ትደርሳላችሁ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1898 ጀምሮ የሚሠራው ባለ ጥርስ ሐዲድ ባቡር ደግሞ ከዘርማት እስከ ጎርነርግራት፣ 3,089 ሜትር ከፍታ ድረስ ያወጣል። አብዛኛው ጎብኚ እዚያ ፎቶግራፍ ተነሥቶ በመጣበት ባቡር ይመለሳል፤ ይህ ያሳዝነኛል። እናንተ ስትመለሱ ሮተንቦደን ጣቢያ ላይ ውረዱና ወደ ሪፈልዜ ሐይቅ ተጓዙ። በማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሣ ከደረሳችሁ ተራራው ከነጫፉ በውኃው ላይ ይታያል። ከዚያ ወደ ሪፈልበርግ የሚወርደው መንገድ ለጀማሪም አይከብድም።

ስትወርዱ ከእግራችሁ ሥር ያለውን ድንጋይ ተመልከቱ። በዘርማት ዙሪያ የምታገኙት አረንጓዴማ ድንጋይ የጥንት ውቅያኖስ ወለል ነበር። ቀና ብላችሁ የምታዩት የማተርሆርን ጫፍ ግን ከዚያ ውቅያኖስ ማዶ፣ ከአፍሪካ ጋር ተያይዞ ከነበረ የምድር ቅርፊት የመጣ ነው። ሁለቱ አህጉራት ሲገፋፉ ውቅያኖሱ ተዘጋ፤ የደቡቡ ድንጋይም በላዩ ተንሸራትቶ ወጣ። ኋላ የበረዶ ግግር ከየአቅጣጫው እየቦረቦረ አራት ገጽ ያለው ሹል አድርጎ አስቀረው። አፍሪካዊ ወጣት ይህን ሳያውቅ ከዚያ ተራራ ሥር ቆሞ እንዳይመለስ እፈልጋለሁ።

አዲስ አበባ ያደጋችሁ ከፍታው አያስፈራችሁም፤ እንጦጦ ራሱ ከጎርነርግራት አያንስም። የሚያታልላችሁም ይኸው ነው። እዚያ በነሐሴም በረዶ ሊጥል፣ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ በማለዳ ተነሡ፤ የዝናብ ልብስና ሶሉ መሬት የሚቆነጥጥ ጫማ አይለያችሁ። የመንገዱን ምልክትም እወቁ። ቢጫው ለማንም ነው። ነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ የተቀባው ጠንካራ እግርና ጥንቃቄ ይፈልጋል። ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ካያችሁ ልምድ ከሌላችሁ ተመለሱ። የመንገዱ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው የጉዞ ሰዓት ዕረፍትን አይጨምርም።

ራስ ዳሸን የወጣ ልጅ «ማተርሆርን 4,478 ሜትር ብቻ ነው፤ የእኛው ይበልጣል» ሊለኝ ይችላል። እውነት ነው፤ ግን ራስ ዳሸን በእግር ይወጣል፣ ማተርሆርን ገመድ ይጠይቃል። ሐምሌ 14 ቀን 1865 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሰባት ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ጫፉን ረገጡ። ሲወርዱ አንዱ አዳልጦት ሌሎቹን ሳበ፤ ገመዱ ተበጠሰና አራቱ ሞቱ። ሰው ሁሉ የቡድኑን መሪ የኤድዋርድ ዊምፐርን ስም ያነሣል። እኔ የማስበው ከሟቾቹ አንዱ የሆነውን የፈረንሳይ ሻሞኒውን መንገድ መሪ ሚሼል ክሮን ነው፤ ልምድ ያልነበረውን ወጣት እግር በእጁ እየያዘ መርገጫ ያሳየው ነበር። የተበጠሰው ገመድ ዘርማት ሙዚየም ውስጥ አለ፤ ከመንገዳችሁ በፊት ግቡና እዩት። ዛሬ ደግሞ ድንጋዩን እንደ ሙጫ የያዘው በረዶ በሙቀት እየቀለጠ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ሐምሌ ወር በመውጫው ሸንተረር ላይ ድንጋይ ተንዶ ተራራ ወጪዎች በሄሊኮፕተር ወርደዋል።

ልባችሁ አሁንም ወደ ላይ ከሳባችሁ በኬብል ካር ሽቫርዝዜ ድረስ ሂዱ። ከዚያ በእግር ወደ ተራራ ወጪዎች ማደሪያ ወደ ሆርንሊ፣ 3,260 ሜትር፣ የሚወስደው መንገድ ገደላማ ቢሆንም ጥሩ ተጓዥ ይደርሳል። ተራራው ፊት ለፊታችሁ ይቆማል፤ እናንተም እዚያ ቁሙ። ኬብል ካሩ የመጨረሻውን ጉዞ የሚያደርግበትን ሰዓት አስቀድማችሁ ጠይቁ። በየት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ለሆቴላችሁ ተናገሩ፤ የድንገተኛ አደጋውን ቁጥር 144ንም ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።