ልጄ የሸክላ ሠሪ ልጅ ሊያገባ ነው፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለመምህራችን። ልጄ ሊያገባት ያሰባት ልጅ ሰንበት ትምህርት ቤት አብራው ታገለግላለች። ቤተሰቦቿ ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። ዘመዶቼ «ቡዳ ናቸው፤ ዘሯን ሳታጣሪ ሽማግሌ እንዳትልኪ» እያሉ አስጨነቁኝ። ልጅቷን የማውቃት በሩቁ ነው። ቤተክርስቲያን ምን ትላለች?

መልስ፦ እናቴ፣ ሳይሸፋፍኑ ስለጠየቁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህ ነገር በብዙ ቤት በሹክሹክታ ነው የሚያልቀው። ልጆቹ ምክንያቱን እንኳ ሳይሰሙ ይለያያሉ።

ቤተክርስቲያንም ስለ ዝምድና ትጠይቃለች። የምትጠይቀው ግን ሙሽሮቹ የሥጋ ዘመዳሞች እንዳይሆኑ ነው። የአባትና የእናት ሙያ ጋብቻ አይከለክልም። ከአንድ ጽዋ አብረን እየተቀበልን የቤቷን እንጀራ የምንፈራ ከሆነ፣ ቅዱስ ቁርባኑን ምን ብለን እንደምንቀበል ራሳችንን እንጠይቅ።

ክፉ መንፈስ የለም አልልዎትም። ጌታችን ራሱ ከሰዎች አውጥቶታል። በሸክላ ሥራ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል የሚል ቃል ግን በመጽሐፍ ቅዱስ የለም። እንዲያውም ድንኳኑ ሲሠራ ወርቁን፣ ብሩንና ናሱን የሠራውን ባስልኤልን መንፈሱን የሞላበት እግዚአብሔር ነው (ዘጸ. 31)። የናዝሬት ሰዎችም ጌታን የናቁት «ይህስ ጸራቢው አይደለምን?» ብለው ነው (ማር. 6፥3)። የምንሳለመው መስቀል፣ ጽናው፣ ጸናጽሉ ከባለ እጅ ቤት የወጣ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላም ስድቡ ቡና ላይ ይወራል። በጣም ያሳዝነኛል።

ዘኍልቍ 12ን ከልጅዎ ጋር ያንብቡት። ሙሴ ኢትዮጵያዊት በማግባቱ እኅቱ ማርያምና ወንድሙ አሮን አሙት። ማርያም እኮ ተራ ሴት አልነበረችም፤ ነቢይት ናት። ግን በለምጽ ተመታች፤ ሰባት ቀንም ከሰፈር ውጭ ተቀመጠች። ሐሜታቸውን ልብ ብለው ይዩት። ሴትየዋ ክፉ ናት፣ ዋሾ ናት አላሉም። ስለ ጠባይዋ አንድም ቃል የለም። ስለ እሷ ያነሱት ከየት እንደመጣች ብቻ ነው። እዚያ የታማችው ደግሞ መጽሐፉ በእኛው አገር ስም የሚጠራት ሴት ናት። የእርስዎም ዘመዶች ስለ ልጅቷ ጠባይ እስካሁን ምንም አልነገሩዎትም።

ልጅቷ መልካም ናት ብዬ አልምልልዎትም፤ አላውቃትም። ተንቃለችና ጻድቅ ናት ማለትም ያው ሳያውቁ መፍረድ ነው። ስለዚህ ቀርበው ይወቋት። ቤታቸው ይሂዱ፤ የቀረበልዎትንም ይብሉ። ይህን የምለው ሰው ሁሉ የሚሸሸው ማዕዳቸውን ስለሆነ ነው። ስትናደድ ምን እንደምትሆን ይዩ። ቃሏን ትጠብቃለች? መልስ ሊሰጧት የማይችሉትን፣ ሕፃናትንና የቤት ሠራተኛን፣ እንዴት ነው የምታናግራቸው? ስለሰደቧት ሰዎችስ ምን ትላለች? አብረዋት የሚያገለግሉትን ይጠይቁ። ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል፤ አይቸኩሉ።

ቁጡ ወይም ዋሾ ሆና ካገኟት ለልጅዎ በግልጽ ይንገሩት፤ የእናት ድርሻዎ ነው። መልካም ሆና ካገኟት ደግሞ ዘመድ ሲሰበሰብ ዝም አይበሉ። «እኔ አውቃታለሁ» ይበሏቸው። ከዚያ ሁለቱን ይዘው ወደ ንስሐ አባታችሁ ይሂዱ፤ የተክሊሉን ቀን ከእሳቸው ጋር ቁረጡ። በዐቢይ ጾም ተክሊል ስለማይፈጸም፣ ሽማግሌ የሚልኩበትን ጊዜ አስቀድመው ያስቡበት።