ከእግር ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣ ድክመት፦ ስለ ማየሊን ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። በጽኑ ሕሙማን ክፍል 14 ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ። ዛሬ የምመልሰው ስለ ማየሊን ነው፤ የነርቭን ክር ስለሚሸፍነው የስብ ሽፋን። በብዛት ያየሁት ጉሊያን ባሬ የሚባለውን፣ ሽፋኑን አጥቅቶ ሰው የሚያዝለውን በሽታ ስለሆነ እሱ ላይ ረዘም አድርጌ ባወራ አትገረሙ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ድክመት ከእግር ጀምሮ በቀናት ውስጥ ወደ ላይ ከወጣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ነው። ነገ አይባልም።

የሐረር ቡና፦ ሲስተር፣ ማየሊን ሲጠፋ ሰው ለምን ይዝላል? ነርቩ እኮ አልተቆረጠም።

ጥሩ ጥያቄ ነው። ክረምት ላይ ጭቃ ስትሻገር ከድንጋይ ድንጋይ ትዘላለህ አይደል? የነርቭ መልእክትም እንደዚያው ነው። ሽፋኑ መሃል መሃል ላይ ትንንሽ ክፍተቶች አሉት። መልእክቱ ከአንዱ ክፍተት ወደ ሌላው እየዘለለ፣ በፈጣኖቹ ነርቮች በሰከንድ እስከ 100 ሜትር ይሄዳል። ሽፋኑ ሲላጥ መዝለሉ ይቀራል። መልእክቱ ይንቀራፈፋል፣ አንዳንዴም መንገድ ላይ ይጠፋል። ጡንቻው ደህና ነው፤ ትእዛዙ አልደረሰውም እንጂ።

በጉሊያን ባሬ ሽፋኑን የሚያፈርሰው የራሳችን የመከላከያ ኃይል ነው። አብዛኛው በሽተኛ ከሳምንታት በፊት ተቅማጥ ወይም ጉንፋን ነበረው። ካምፓይሎባክተር የሚባለው የተቅማጥ ባክቴሪያ ገላ ላይ ከነርቭ ጋር የሚመሳሰል ነገር አለ። ሰውነት ባክቴሪያውን አጠፋለሁ ብሎ ነርቩንም ይመታል። ሽፋኑ ብቻ ከተጎዳ ሹዋን የሚባሉት ሕዋሳት መልሰው ይሠሩታል። ክሩ ራሱ ከተመታ ግን የሚያድገው በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ትዕግሥት ይጠይቃል።

በሽታው ስሙን ያገኘው በ1916 ጉሊያን፣ ባሬና ስትሮል ሁለት የፈረንሳይ ወታደሮችን መርምረው ከጻፉት ነው። በጀርባ ፈሳሻቸው ውስጥ ፕሮቲኑ ጨምሯል፣ ሕዋሱ ግን አልበዛም። ዛሬም ከጀርባ ሲቀዳ የሚፈለገው ይኸው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ውጤቱ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። "ንጹሕ ነው" ስለተባለ ብቻ ድክመቱ እየጨመረ ወደ ቤት እንዳትመለሱ።

ስደተኛዋ፦ እጄን ይደነዝዘኛል። ማየሊን ነው?

የትኛው እጅ? ከመቼ ጀምሮ? ሌሊት ነው ቀን? በዚህ ብቻ ምንም ማለት አልችልም። ለሐኪም አሳዪው።

አባ መላ፦ ኒውሮቢዮን ብወጋስ?

እሱ የቢ ቫይታሚኖች መርፌ ነው፤ ለጉሊያን ባሬ አይሠራም።

ጾመኛው፦ ሥጋና ወተት ስለማልበላ ቢ12 አንሶኝ ማየሊኔ ይጎዳል?

የቢ12 እጥረት የህብለ ሰረሰርን ማየሊን ይጎዳል፣ እውነት ነው። ግን ጉበት ለዓመታት የሚሆን ያስቀምጣል፤ አንድ ጾም አይጨርሰውም። የስኳር መድኃኒቱን ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደ ወይም ጨጓራው በቀዶ ሕክምና የተቆረጠ ሰው ይመርመር።

ኖርዌይ ያለሁት፦ እኔ ኤም ኤስ አለብኝ። ስታመም ስቴሮይድ ይሰጡኛል። ለጉሊያን ባሬም ይሆናል?

አይሆንም። ኤም ኤስ (መልቲፕል ስክለሮሲስ) የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ማየሊን በሽታ ነው፣ ይኼኛው ከዚያ ውጪ ያሉት ነርቮች። ስቴሮይድ ለጉሊያን ባሬ ተሞክሮ አልጠቀመም። የሚጠቅሙት ፕላዝማ (የደሙን ፈሳሽ ክፍል) መለወጥ ወይም ኢሚዩኖግሎቡሊን (ከሌሎች ሰዎች ደም የተወሰደ ፀረ እንግዳ አካል) ናቸው፤ አንዱ ይበቃል። የኤም ኤሱን ሐኪምህን ጠይቅ፣ እሱ የእኔ ዘርፍ አይደለም።

አባ መላ፦ ኒውሮቢዮኑ ለመደንዘዙስ?

መልሻለሁ እኮ።

እናት ዓለም፦ ሲስተርዬ፣ የጎረቤቴ ልጅ እግሩ ከዛለ 3 ቀኑ። ዛሬ ፊቱ በሁለቱም በኩል ወረደ፣ ዓይኑን መክደን አቃተው። ምች ነው ብለው ዳማከሴ እያሹት ነው።

ማሸቱን አቁሙና አሁን ውሰዱት! ምንም አታጉርሱት፣ ትን ሊለው ይችላል።

የገጠር ልጅ፦ ዳማከሴን ግን አትናቁ። አያቴ በሱ ነው ያሳደገችን።

የሐረር ቡና፦ ምች የሚባል በሽታ የለም።

የገጠር ልጅ፦ አንተ ስላላወቅከው የለም ማለት ነው?

ኧረ በፈጠራችሁ! የልጁን ትንፋሽ ሳናውቅ የምን ክርክር ነው? ዳማከሴውን ሌላ ቀን። እናት ዓለም፣ በደንብ አየር ሳብ በይውና በአንድ ትንፋሽ ጮክ ብሎ ይቁጠር። ጤነኛ ሰው 40ን ያልፋል። ከ20 በታች ከሆነ ለሐኪሙ መጀመሪያ የምትነግሪው እሱን ነው።

ጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ አትመኑ። አንድ ወጣት ነበረኝ። ማታ 28 ቆጠረ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ 14 ሲል ትንፋሹ አለቀ። ጣቱ ላይ ያለው ቁጥር ያኔም 96 ነበር። ኦክስጅኑ የሚወርደው ደረት ከደከመ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ሰዓት የለም። ከ4 ወይም 5 በሽተኞች አንዱ የመተንፈሻ ማሽን ያስፈልገዋል።

አባ መላ፦ ማሽን ላይ የገባ ሰው ይመለሳል?

አሁን ጠየቅህ። አዎ፣ ብዙዎቹ ይመለሳሉ። በደንብ ከተያዙ በስድስት ወር ውስጥ ከ10 ሰው 8ቱ ያህል ራሱን ችሎ ይራመዳል።

እናት ዓለም፦ ደረስን። 17 ቆጠረ፣ ነግሬያቸዋለሁ። ወደ ጽኑ ሕሙማን እያስገቡት ነው። እኔ ምን ላድርግ?

ጎበዝ። አሁን ፊደል ገበታ ግዢ። አእምሮው ንቁ ነው፤ ማሽን ቢገባለትም ይሰማሻል፣ ያምመዋል፣ መናገር ብቻ ነው የሚያቅተው። ያ ወጣት ቱቦ ከገባለት በኋላ ገበታውን ፊቱ ያዝኩለት። መጀመሪያ ቤቱን በጣቴ እየነካሁ ወረድኩ፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ። ዓይኑን ወደ ላይ ሲያነሳ ቆምኩ። ከዚያ ወደ ጎን፤ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ። በ። ረ። ደ። ኝ። ብርድ ልብስ ደረብኩለት።